ያልወረደው መዝሙር

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ

ልምምድ። የአዳራሹ ማሞቂያ ዛሬም አልሠራም። ካፖርት ለብሶ የሚዘምር ሰው የሚያወጣው ድምፅም ካፖርት የለበሰ ነው። ከፍ ያለውን የወንድ ድምፅ የሚዘምሩት ቴኖሮች አራት ብቻ፤ ከአራቱ አንዷ ሴት። ወፍራሙን ድምፅ የሚይዙት ባሶቹ ወሬያቸውን ሳይጨርሱ አልቆሙም።

ስቅለት ሩቅ ይመስላቸዋል። በየዓመቱ ሩቅ ይመስላቸዋል።

በስቅለት የምንዘምረውን የሕማማት ድርሰት የመጀመሪያ ክፍል ሄድንበት። ከዚያ "ራቁቱ" የምንለውን፣ ያለ መሣሪያ የሚዘመረውን መዝሙር። ወረዱ። ገና ከሁለተኛው ስንኝ ድምፃቸው ሲወርድ ሰማሁ፤ እስኪጨርሱ ትቻቸው ከዚያ ፒያኖውን አስመታሁ። "የት እንደደረሳችሁ ሰማችሁ?" ወይዘሮ ታነርት ከፒያኖው ቀና ብላ፣ "ዛሬ እንኳን ብዙም አልወረዱም፣ ካንቶር" አለች። ማን ጠየቃት? "እርስዎ ቁልፉን ይምቱ፤ መስማቱን ለእኔ ይተዉት" አልኳት። መታች።

ጉንፋኑ አልለቀቀኝም። ቀኝ ጆሮዬ እንደተደፈነ ነው።

ፌብሩዋሪ 18፣ ማክሰኞ

ለአዲሶቹ እንደገና አስረዳሁ። ለአሮጌዎቹም ያስፈልግ ነበር። የዛሬ ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን የነበረው ካንቶር፣ እንደ እኔው የመዘምራን መሪ፣ ይህን ሕማማት ሲደርስ፣ ጌታ ነፍሱን ከሰጠ በኋላ መሣሪያዎቹን ሁሉ ዝም አሰኛቸው። ቫዮሊን የለም፣ ኦርጋን የለም፣ ብቻቸውን የሚዘምሩት ድምፃውያንም የሉም። መዘምራኑ ብቻ። ከዚያ ቫዮሊኖቹ በቀስታ ይገባሉ፤ መዝሙሩ በቆመበት በዚያው ድምፅ ላይ። መዘምራኑ ወርደው ከሆነ ያኔ ይጋለጣል። ደረጃው ያለቀ መስሎት እግሩን የሚሰነዝር ሰው እንደሚሰናከለው፣ ምእመኑ በሙሉ ይሰናከላል።

ሰው ያለ ድጋፍ ሲዘምር ይወርዳል። ስለሚደክመው ነው። ሠላሳ ዓመት ስመራ ያልወረደ መዘምራን አላየሁም። የእኔ ሥራ ማንሳት ነው።

ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። ሦስቱንም ወረዱ።

ፒያኖውም ያሳፍራል። መሐሉ አካባቢ ድምፁ ሁሉ ሻካራ ሆኗል። "ይሄ ነገር መቼ ነው የተቃኘው?" "በገና ሰሞን" አለች ታነርት። "በማን? በአናጢ?" አልሳቀችም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 21፣ ዓርብ

ፒያኖ ቃኚው ሰውዬ ተጠርቶ መጣ። ምንም የለውም ብሎ ሄደ። ሰነፍ።

ፌብሩዋሪ 26፣ ረቡዕ

ባለቤቴ ሬጊነ ምሳ ላይ፣ "ለምንድነው ሁልጊዜ እንዲህ ዞረህ የምትቀመጠው?"

"እንዴት?"

"እንዲህ። ቂም እንደያዘ ሰው።"

ወንበሩ ነው አልኳት። የድንች ሾርባ ከቋሊማ ጋር። ስለ ትምህርት ቤቷ ብዙ አወራች፤ አዲሱ ርዕሰ መምህር ምን እንዳለ፣ ማን እንደመለሰለት። ግማሹ አመለጠኝ። ጠይቄ ላስደግማት አልፈለግኩም። ሚስት ስታወራ አለማዳመጥ አንድ ነገር ነው። አለመስማት ሌላ…

ደክሞኛል። ሌላ ነገር የለም።

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ራቁቱን መዝሙር ብቻ አንድ ሰዓት ሠራሁበት። "ከፍ አድርጉ። ሦስተኛውን ድምፅ ከምታስቡት በላይ ከፍ። ገና። ገና ከፍ።" ከሁሉ በላይ የሚዘምሩት ሴቶች፣ ሶፕራኖዎቹ፣ ፊታቸው ቀላ። ወይዘሮ ክሎስ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሙሽራ ሆነው ከገቡ ጀምሮ እዚህ ይዘምራሉ። እጃቸውን አነሡ።

"ካንቶር፣ ከዚህ በላይ ከፍ ካልኩ ጣሪያውን እነካለሁ።"

ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ፣ "ይንኩት እንጂ። እስከዛሬ ምንም ነክተው አያውቁም" አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ከባሶቹ መሐል ሎቤክ፣ መኪና መንዳት የሚያስተምረው፣ "ካንቶር ዛሬ ምሳ አልበሉም መሰለኝ" አለ ለጎረቤቱ፣ እኔ እንድሰማው አድርጎ። ወይዘሮ ክሎስ ወረቀታቸውን አስተካክለው፣ "እሺ፣ ከየት እንጀምር?" አሉ።

ከላይ ጀመርን። ደህና ሆነላቸው። ትንሽ ወርዶ ነበር፣ ግን ደህና። ከተጫንካቸው ይችላሉ ማለት ነው።

ማርች 9፣ እሑድ

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ኦርጋኑ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩ። ሻካራ ነው። ኦርጋኑም? ፒያኖውም ኦርጋኑም?

ቤት መጥቼ መቃኛ ሹካዬን፣ ሲመቱት አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣውን ብረት፣ አወጣሁ። ጉልበቴ ላይ መትቼ ወደ ግራ ጆሮዬ። ጥርት ያለ "ላ"። ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ የማውቀው። ከዚያ ወደ ቀኝ።

"ላ" አይደለም። ዝቅ ያለ ነው። ግማሽ ድምፅ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ በጠርዙ ደግሞ የዝንብ ድምፅ ያለ ነገር አለበት።

ግራ። ቀኝ። ግራ። ቀኝ። አንድ ሹካ ሁለት ድምፅ ሊያወጣ አይችልም። ብረት ነው። ብረት አይሳሳትም።

ሬጊነ ከማእድ ቤት፣ "ምንድነው የምትመታው?" ምንም አልኳት።

ማርች 13፣ ሐሙስ

ላይፕዚግ፣ ጆሮ ሐኪም። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰውዬ። ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦኝ፣ ድምፅ ሲሰሙ ቁልፉን ይጫኑ አለኝ። ተጫንኩ። ምንም በማይሰማበት ጊዜም ተጫንኩ። አዎ፣ አጭበረበርኩ። በዚህ ዕድሜዬ።

"የውስጥ ጆሮዎ ተጎድቷል። መቼ ነው የጀመረዎት?"

"ጉንፋን ይዞኝ ነበር። በጃንዋሪ።"

"ያኔ፣ በዚያው ሳምንት ቢመጡ ጥሩ ነበር።" እንክብል ጻፈልኝ። ተስፋ አድርገን እንሞክር እንጂ ቃል አልገባም አለኝ። ከዚያ፣ "ሥራዎ ምንድነው?"

"የቤተ ክርስቲያን ካንቶር። መዘምራን እመራለሁ።"

የሚጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠ። ያ ማስቀመጡ ነው ያናደደኝ። ብዙ ሰው ደኅና ሆኖ ከዚህ ጋር ይኖራል፣ አንጎል ይለምደዋል አለኝ። የምን መልመድ? የሚለምደው እኮ ውሸቱን ነው።

በባቡር ስመለስ አንድ ልጅ ያፏጭ ነበር። በእኔ ጆሮ ሁለት ልጅ።

ማርች 18፣ ማክሰኞ

ቀኝ ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩት። ለማንም አልተናገርኩም። የሚቆሙት በረድፍ ስለሆነ ሶፕራኖ በግራዬ፣ ባስ በቀኜ ነው። በጥጡ ባሶቹ ሌላ ክፍል ገብተው እንደሚዘምሩ ሆኑ። ጥጡን አወጣሁት፤ ሁሉም ነገር ሁለት ሆነ። መልሼ ደፈንኩት።

ታዲያ ወርደዋል ወይስ አልወረዱም? ፊት ለፊታቸው ቆሜ አላወቅኩም። ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ጠይቄ አላውቅም፤ ሁልጊዜ አውቃለሁ። ስለዚህ ወሰንኩ፦ ወርደዋል። መዘምራን ይወርዳል። ሁሌም።

"ከፍ" አልኩ።

ወይዘሮ ታነርት እኔን ሳይሆን የፒያኖውን ቁልፎች ታያለች።

ማርች 25፣ ማክሰኞ

ከፍ። ከፍ። ከፍ። የእኔም ድምፅ ተዘጋ።

ማርች 30፣ እሑድ

ሬጊነ ሬዲዮኑን አንሥታ በቀኜ በኩል አስቀመጠችው። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ምን እያለ ነው?"

"ስለ አየር ሁኔታ።"

"ስለ ኳስ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው ኤክሃርት?"

ነገርኳት። ሐኪሙንም፣ ሹካውንም፣ እንክብሉ ምንም እንዳላመጣም። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ለታነርት ንገራት።"

"ለእሷ?"

"መምራት የተማረች ሴት ናት። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ግን ከቁልፍ በቀር ምንም አስነክተሃት አታውቅም። ከእሷ ሌላ ማን አለህ?"

"ስቅለት ሦስት ሳምንት አይሞላም። እስከዚያ እችለዋለሁ። ሕማማቱን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ መስማት አያስፈልገኝም።"

ይህን ስል ሬጊነ ሬዲዮኑን አጠፋችው።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

ኦርኬስትራው መጣ። ድምፃውያኑም። የወንጌላዊውን ቃል በዜማ የሚተርከው ቴኖር ከሃለ ከተማ ነው፤ ጥሩ ድምፅ፣ መጥፎ ጫማ።

የመጀመሪያው ክፍል አለፈ። ሁለተኛውም። ጌታ ነፍሱን ሰጠ። መሣሪያዎቹ ዝም አሉ። መዘምራኑ ራቁቱን ጀመሩ፤ አነሣኋቸው። በመዳፌ፣ በቅንድቤ፣ በትከሻዬ አነሣኋቸው። ጨረሱ። ቫዮሊኖቹ ገቡ።

ተሰናከለ። ደንቆሮም ይሰማዋል። ቫዮሊነኞቹ ራሳቸው ቀስታቸውን አነሡ። ወደ መዘምራኑ ዞርኩ።

"ወረዳችሁ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ለምኜ… ወረዳችሁ።"

 የቫዮሊነኞቹ አለቃ፣ ሽማግሌው፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ይቅርታ ካንቶር። አልወረዱም።"

"ምን?"

"ወጥተዋል። ከእኛ በላይ ናቸው። ሩብ ድምፅ ይሆናል፤ ይበልጣልም።"

"መዘምራን ብቻውን ሲዘምር አይወጣም።"

"እኔም አይቼ አላውቅም" አለ። ለመንካት አልነበረም፤ በእውነት ገርሞት ነው። ወንጌላዊው ጫማውን ያያል።

ታነርትን አየኋት። ትንሹ ኦርጋን ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ ቁልፍ በቀስታ ነካች፣ መዝሙሩ ማለቅ የነበረበትን ድምፅ።  

ወይዘሮ ክሎስ ከፊተኛው ረድፍ፣ "ያሉንን ነው ያደረግነው" አሉ። እንደ ክስ አልነበረም። ልክ መሥራታቸውን የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት።

ዕረፍት አልኩ። ከመድረኩ ስወርድ ሎቤክ መንገድ ለቀቀልኝ። ሎቤክ እንኳን አልቀለደም።

ኤፕሪል 6፣ እሑድ

ሠላሳ ምናምን ሰው። መምህር አለ፣ ጥርስ ሐኪም አለ፣ መኪና መንዳት የሚያስተምር አለ። ከየሥራቸው ደክመው እየመጡ፣ በብርድ አዳራሽ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን እየቀደዱ የማይወጣውን አወጡት። ከገዛ ጆሯቸው ተጣልተው። ከመካከላቸው የሰማው አለ፤ ወይዘሮ ክሎስ በርግጥ ሰምተዋል። ለምን አልተናገሩም?

ለማን ይናገሩ?

ተናደድኩባቸው። ቀኑን ሙሉ ተናደድኩባቸው። መሪው ተሳስቷል የሚል አንድ ሰው የሌለበት መዘምራን ምን ዓይነት መዘምራን ነው? ከዚያ ማን እንዲህ እንዳደረጋቸው አሰብኩና ንዴቱ የሚያርፍበት አጣ።

ኤፕሪል 7፣ ሰኞ

ወይዘሮ ታነርት ቤት ሄድኩ። አብረን በሠራንበት አሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ግቢው ውስጥ ብስክሌቷን ገልብጣ ሰንሰለቱን ትጠርግ ነበር፤ እጇ ጥቁር ዘይት ብቻ።

"ካንቶር። ልጨብጥዎ አልችልም።"

"አያስፈልግም። ቀኝ ጆሮዬ…"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረዎት? ሬጊነ?"

"ፒያኖውን የሰደቡ ቀን ነው ያወቅኩት። ፒያኖው ምንም አልነበረውም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠች። "አልወረዱም ብዬ ነግሬዎት ነበር። ቁልፍ ይምቱ አሉኝ። ስለዚህ ቁልፍ መታሁ።"

ብዙ ዝግጅት ያደረግኩበትን ንግግር ማድረግ አልቻልኩም። "ስቅለትን ይምሩልኝ" ብቻ አልኩ።

ወዲያው እሺ ትላለች ብዬ ነበር። ወይም ታለቅሳለች፣ አላውቅም። ሰንሰለቱን ዞር ዞር አደረገች።

"ኦርጋኑን ማን ይመታል?"

"እኔ። ለጣት ጆሮ አያስፈልገውም።"

"አይሆንም። እዚያ ከተቀመጡ በዓይንዎ ይመሩኛል።"

"እንግዲያው ምእመኑ መሐል እቀመጣለሁ።"

"ከጀርባዬ? ያ ደግሞ ይብሳል።" ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። "ኦርጋኑን የምትመታ ጓደኛ ከላይፕዚግ አስመጣለሁ። እርስዎ ባስ ይግቡ። ባስ ጎድሎናል።"

"ባስ ውስጥ? ከሎቤክ ጋር?"

"ከሎቤክ አጠገብ። ግራ ጆሮዎ ወደ እሱ እንዲሆን።"

ስትጠራኝ እንዲህ ነው ያለችው፦ "ጎድሎናል"። "እኛ" አለች። መዘምራኑን ማለቷ ነው። እኔ እስከዛሬ "መዘምራኔ" ነበር የምለው።

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

ነገርኳቸው። ቀኝ ጆሮዬ ድምፅን ዝቅ አድርጎ እንደሚሰማ፣ ከጃንዋሪው ጉንፋን ጀምሮ እንደሆነ፣ እነሱ አልወረዱም፣ ወደ ላይ የገፋኋቸው እኔ እንደሆንኩ። ስቅለትን ወይዘሮ ታነርት እንደሚመሩት። ጸጥ አሉ። እንዲህ ጸጥ እንዲሉ ስንት ዓመት ለምኛቸዋለሁ።

ወደ ወይዘሮ ክሎስ ዞሬ በጣሪያው ነገር ይቅርታ ጠየቅኩ።

"የቱ ጣሪያ?" አሉ። ረስተውት አይመስለኝም። "ለማንኛውም ኬክ ይዘው ይምጡ። ኬክ ስንበላ ትዝ ይለኝ ይሆናል።"

ሎቤክ እጁን አነሣ። "ታዲያ እርስዎ የት ነው የሚቆሙት?"

"ባስ።"

"ባስ ማለት እዚህ?" ግራ ቀኙን አየ። "አንተ፣ ጠጋ በል" አለ ለጎረቤቱ። ወረቀቴን ይዤ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። እጁን ዘረጋልኝ።

"እዚህ ረድፍ ውስጥ እርስዎ የሚባል ሰው የለም። ደንባችን ነው። ኡዶ።"

ስሙን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ጠርቼው ግን አላውቅም። "ኤክሃርት" አልኩ፣ እንደ አዲስ ተማሪ።

"አውቃለሁ። ቁም እንግዲህ።"

ታነርት እጇን አነሣች።

ኤፕሪል 15፣ ማክሰኞ

የመክፈቻውን መዝሙር ታዘግመዋለች። እንደ ቀብር ነው የምትሄድበት። ቀብር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ጌታ ገና አልሞተም። አንድ ቀን ልነግራት… አይ።

እሷ በመሐል አስቆመችን። "ባሶች መካከል አንድ ሰው እየመራ ነው።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቀኝ እጄ ጭኔን እየመታ ነበር። ለእኔ አልታወቀኝም። ኡዶ እጄን ይዞ የወረቀቱን ጠርዝ አስጨበጠኝ። "ይቺን ያዝ። እኔ ተማሪዎቼን መሪ የማስይዘው እንዲህ ነው።" ሳቁብኝ። እንዴት ሳቁብኝ። ወይዘሮ ክሎስ እንባቸውን እየጠረጉ።

ከዚያ ደግሞ ኡዶ መግቢያውን ያዘገያል። ሁልጊዜ። እርግጠኛ ሳይሆን አይገባም። ከፊት ሆኜ ስሰማው ባሶቹ በሙሉ ሰነፎች ይመስሉኝ ነበር፤ እሱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ እሱን ይጠብቁታል።

ሬጊነ እንዴት ነበር ስትለኝ፣ እግሬን አመመኝ አልኳት። እነሱ ሁልጊዜ ቆመው እንደሚዘምሩ አስቤው አላውቅም።

ኤፕሪል 18፣ ስቅለት

አለቀ። በስቅለት አይጨበጨብም፤ ሰዉ ተነሥቶ ዝም ብሎ ወጣ። ውጭው ዝናብ ነበር።

ታነርት መክፈቻውን ዛሬም አዘገመችው። ሕዝቡ "ይሰቀል" የሚልበትን ቦታ ግን እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ይህን ያህል ዓመት ጩኸቱን ከፊት ሆኜ ስቀበለው ነበር እንጂ ጮኼ አላውቅም። ዛሬ ከኋላዬም ከጎኔም ይጮኻሉ፣ እኔም እጮኻለሁ። ደስ የሚል ነገር አይደለም። ከጮኽክ በኋላ ቁጭ ብለህ ወንጌላዊው የሚቀጥለውን እስኪናገር መጠበቅ አለብህ።

ራቁቱ መጣ። እሷ እጆቿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትይዘው፤ ምንም አታነሣም። ዘመርን። ከኡዶ በቀር ብዙም አይሰማኝም፤ ኡዶም ጥጡን አልፎ ሁለት ቦታ ይሰማኛል። ከፍ ልበል፣ ዝቅ ልበል የማውቅበት ነገር አልነበረኝም። ጎኔ ያለው ወዳለበት ሄድኩ። ጨረስን። ቫዮሊኖቹ ገቡ።

ገጠመ? አላውቅም። ይህን ስጽፍም አላውቅም። ሽማግሌውን ቫዮሊነኛ አየሁት፤ ፊቱ አልተለወጠም፣ ቀስቱም አልቆመም። ታነርትን አየኋት፤ እሷ እኔን አላየችኝም፤ ሥራ ላይ ነበረች። ወደ ኡዶ ጠጋ ብዬ፣ "ገጠመ?" አልኩት።

"ምኑ?" አለ።

በመዝጊያው ባሶች ብቻቸውን የሚገቡበት ቦታ አለ። ገባሁ። የኡዶ ክርን ጎኔ ላይ አረፈ።

"ቀደምክ።"

አልቀደምኩም። ሕማማቱን ከእሱ ልደት በፊት ጀምሮ የማውቀው ያህል ነው። የዘገየው እሱ ነው፣ ከእሱ ጋርም ረድፉ በሙሉ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

ያው ዜማ ከጥቂት መስመር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ትንፋሼን ሳብኩና ያዝኩት። ቦታው ደረሰ፣ አለፈ። ጠበቅኩ። ኡዶ ሲገባ ገባሁ፤ ዘግይተን፣ አብረን።